የእግሯ ልክ

ጥቅምት 6

ለተከበርከው ለእህቴ ልጅ፣

ሳይጠሩት የሚሰማ፣ ሳያዩት የሚያይ አምላክ ጤናህን ይስጥህ፤ መውጫህንም መግቢያህንም ያሳምርልህ። እኔ ለራሴ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ እጄ ደህና ነው፤ ዓይኔ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ለመውጣት ማመልከቻ አስገብቷል። የግራውን ሞራ ጋርዶታል፣ የቀኙም አይቶ እየተማረ ነው። ሐኪሙ "ሞራው ሲበስል ይገፈፋል" ይለኛል። እኔ አናጢ ነኝ እንጂ አትክልተኛ አይደለሁም፤ መቼ እንደሚበስል በምን አውቃለሁ?

ባለፈው ደብዳቤህ ስለ ቤቱ ክዳን ጠይቀሃል። አያፈስም። ስለ ትልቁ መጋዝ ጠይቀሃል። አስሞርጄዋለሁ። ስለ ጓሮው በር ማጠፊያ እንኳ ሳትረሳ ጠይቀሃል፤ እሱም ዘይት ጠጥቶ ዝም ብሏል። የስድስት ዓመት ደብዳቤዎችህን በሙሉ ሣጥን ሠርቼላቸው አስቀምጫለሁ፤ በነሱ ውስጥ ያልጠየቅከኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱን አንተም ታውቀዋለህ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ልጅህ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትናገር ግማሹ ቃል በክፍተቱ ያመልጣታል። አክስትህ ነፍሷን ይማርና ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እኔና ልጅቱ ሁለታችን ነን። ቀኑን ሙሉ ከሥራ ቤቴ ስለማትወጣ ደንበኞቼ ሁሉ "ሰጋቱራ" ነው የሚሏት፤ ከፀጉሯ የመጋዝ ብናኝ ያልተራገፈበት ቀን የለም። ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ይባል የለ? እኔ ቤት ልጁም አለ እንጨቱም አለ፤ ስንቴ ተወግቻለሁ። ገና አፏን ስትፈታ "አባባ" ልትለኝ ሞክራ ነበር። ከለከልኳት። አንተ እንደምትለኝ "ጋሼ" በይኝ አልኳት። ያኛው ወንበር ባለቤት አለው፤ አንዴ ከተቀመጥኩበት አልነሳም እላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። "እርስዎ" ማለትን ግን አላስተማርኳትም፣ "አንተ" እያለች ነው የምታዘኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከሥራ ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ጨርቅ ነጋዴ ታስታውሰዋለህ፤ መደርደሪያውን አብረን ነው የሠራንለት። እሱና ሚስቱ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲለምኑ ኖረው ባለፈው ወር እኔ ዘንድ መጡ። ሰጋቱራን እንደ ልጃችን እናሳድጋት፣ ለመጪው መስከረም ትምህርት ቤት እናስገባት፣ እርስዎም ዓይንዎ ደክሟል አሉኝ። ደጋግ ሰዎች ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የአባት ፊርማ ይምጣ ብሎ ወረቀት ሰጥቷቸዋል፤ ይኸው እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ከፈረምክበት ልጅነቷ ለእነሱ ይሆናል፣ ያንተ አባትነት እዚያ ላይ ያበቃል።

ፈርም አልልህም፤ አትፈርም አልልህም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማህ ነው ያደግከው፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። ስልክ ልደውል ብለህ ነበር፣ ተወው ልጄ። ስልክ ላይ ሰው "ደህና ነኝ" ብቻ ነው የሚለው።

ቸሩ አምላክ ካለህበት አይለይህ።
አጎትህ፣ አናጢው


ታኅሣሥ 21

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለእጅዎ ብርታት፣ ለቤትዎ ሰላም ይስጥልኝ። እኔ በአምላክ ቸርነት አለሁ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ይህችን ጽፌ ሦስት ቀን ተውኳት፤ ውሸት ስለሆነች። ሥራ አልበዛብኝም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ መሳቢያው ያለበትን ግድግዳ እየሸሸሁ ነበር የምኖረው።

የሆስፒታል ዕቃ ጥገና ላይ ነኝ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ። ከክረምት ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ አዛውረውኛል። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ነው። እያንዳንዳቸው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሣጥኑ ይሞቃል፣ አየሩን ያረጥባል፣ የማህፀንን ሥራ በኤሌክትሪክ ለመሥራት ይሞክራል። የእኔ ሥራ ያ ሣጥን እንዳይቆም መጠበቅ ነው። ስንገባ ጫማ አውልቀን፣ እጃችንን እስከ ክርናችን ታጥበን ነው። ድምፅም አናሰማም።

ጋሼ፣ ዘጠኝ መቶ ግራም ሰው አይተው ያውቃሉ? የእርስዎ ትልቁ መዶሻ ከእሱ ይከብዳል። ጣቱ የክብሪት እንጨት ያህል ነው። ግን ጥፍር አለው። በመጀመሪያው ቀን ያን ጥፍር ሳይ ካቻቪቴው ከእጄ ወደቀ። ሳንባው ገና፣ ቆዳው ገና፣ ሁሉ ነገር ገና በሆነበት፣ ጥፍሩን ያልረሳ ማነው እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። ነርሷ ተቆጥታ እንደገና እጄን አስታጠበችኝ።

ወረቀቱን ፈርሜዋለሁ። ከዚህ ጋር አለ። ነጋዴው ደግ ሰው ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት፤ የሚበጀው ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። የወለደ ሁሉ ለአባትነት አይበቃም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የእግሯን ልክ ይላኩልኝ። ወደ እነሱ ቤት የምትገባበትን ጫማ እኔ ልግዛላት። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

የቤቱ ክዳን ስለማያፈስ ደስ ብሎኛል።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


የካቲት 17

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ፣

ቀኑን የሚያነጋ ጌታ ልብህንም ያንጋልህ። ደብዳቤህ ደርሶኝ በማጉያ መነጽር ሁለቴ አነበብኩት። የዘጠኝ መቶ ግራሙን ሰው ነገር ለሰጋቱራም አነበብኩላት። መዶሻዬን አንስታ በሁለት እጇ አቅፋ ትንሽ አሰበችና "ይሄን ያህል ሆኖ ያለቅሳል?" አለችኝ። ጠይቀህ መልስልኝ።

የፈረምክበትን ወረቀት እስካሁን ለማንም አልሰጠሁም። ከመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከመላጊያው ሥር ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። አንተስ አይጠይቁኝ ብለህ የለ?

የእግሯ ልክ አሥራ ሰባት ሳንቲም ከአራት ሚሊ ነው። ባዶ እግሯን ጣውላ ላይ አቁሜ፣ ተረከዟን ከማዕዘኑ አስደግፌ ነው የለካሁት። አርባ ሁለት ዓመት ስለካ በእኔ ስህተት የባከነ እንጨት የለም፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር እንደ ሃይማኖትህ ያዘው። ለማንኛውም ብዬ ልኩን በቀጭን እንጨት ቆርጬ ልኬልሃለሁ። ስለካት "ምን ልትሠራልኝ ነው?" አለችኝ። እኔ ሳልሆን አባትሽ ነው አልኳት። እስክጨርስ ድረስ ጣቶቿን ጣውላው ላይ ለጥፋ ቆመች።

አንድ ነገር ልንገርህና ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድህ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች፣ እኔም ሳልሻል አንዱ ነኝ፣ ልጆች ጸሎት ይረብሻሉና በረንዳ ላይ ይቀመጡ ብለው ወሰኑ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አለ ዋናው፤ ጸሎታቸውም እንደዚያው ነው ለማለት። እኔ በአፌ አልተከራከርኩም። ቤቴ ገብቼ ከጉልበት የማይበልጡ አራት አግዳሚ ወንበሮች ሠራሁ፣ ወስጄም ከፊተኛው ረድፍ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ በምስማር መታኋቸው። በረጅም ምስማር ነው የመታሁት። እስካሁን የሚነቅል አልተገኘም፤ ሽማግሌዎቹ አሁን ወደ ፊት ባዩ ቁጥር የሚያዩት የልጆች ማጅራት ነው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የልጆቹ የሃይማኖት አስተማሪ እዚያ ቆማ፣ አምላክ የሁላችንም አባት ነው፣ በሰማይ ይኖራል ብላ ታስተምራቸዋለች። ሰጋቱራ እጇን አወጣች። "ለሥራ ነው የሄደው?" አለቻት። አስተማሪዋ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ልጅቱ ግን መልስ እየጠበቀች ነው። "ደብዳቤ ይጽፋል?" ብላ ጨመረች።

ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስለ አምላክ የሰማሁት ስብከት ቢቆለል የዚህን ቤት ጣሪያ ይነካል። ልጅ ሰማዩን የምትለካው በአባቷ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። አባቷ ሩቅ ከሆነ ፈጣሪዋም ሩቅ ነው። አባቷ ቢቆጣ ያም ቁጡ ነው፤ አባቷ ቢቀርባት ያም እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ነው። ይህን ያህል ነገር በአንድ አናጢ፣ በአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ማን ጫነው? በምን ድፍረት ነው ያመነን? ፈራሁ ልጄ። ጸሎቱ ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ፣ ልጆቹ ሊቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀመጥኩ።

ቸር ወሬ ያሰማን።
አጎትህ፣ አናጢው


ሚያዝያ 9

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። ዕድሜዎ ይርዘም፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ያለቅሳል በሏት። ድምፁ ግን ከሣጥኑ አይወጣም፤ አፉ ሲከፈት ብቻ ነው የሚታየው።

ጫማውን ትናንት በፖስታ ቤት ልኬዋለሁ። ቀይ ነው። ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ፤ የምትወደውን ቀለም እንደማላውቅ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው። ባለሱቁ ልጅ ታድጋለችና ትንሽ ሰፋ ያለ ይውሰዱ ብሎኝ ነበር። የእርስዎን እንጨት ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁትና አጎቴ ተሳስቶ አያውቅም አልኩት። ጫማው ውስጥ ሳስገባው ልክክ አለ። ከእርስዎ ጋር በር ስንገጥም፣ መዝጊያው ያለ ምንም ክፍተት ሲገባ የሚሰማኝ ደስታ ነው የተሰማኝ።

አሁን የምጽፍልዎን ለማንም አልተናገርኩትም። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሕፃን ሣጥን ማራገቢያው ቆመ። ሌሎቹ ሣጥኖች ሁሉ ተይዘዋል። የሕፃኗ አባት የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ከነሥራ ልብሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ነርሷ ጠራችው፣ አስታጠበችው፣ ሸሚዙን አስወልቃ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኛችለትና በብርድ ልብስ ሸፈነቻቸው። ማሽኑ እስኪሠራ እንዳይንቀሳቀሱ አለችው። እኔ ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ማሽኑን ፈታሁ።

የሙቀት መለኪያው ሽቦ ሕፃኗ ላይ ስለሆነ ቁጥሩ ፊት ለፊቴ ነው። ጋሼ፣ የእኔ ማሽን ከሁሉ የተሻለው ነው ይባላል፤ ግን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እኔም ስከተለው እውላለሁ። የዚያ ሰው ደረት ላይ ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት ላይ ደረሰና ቆመ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ አልተነቃነቀም። ሰውየው ደረቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አያውቅም። የተማረው ነገር የለም፣ የሚጫነው ቁልፍ የለም። እስትንፋሷ ሲዘገይ የእሱ ደረት ከፍ ይልና የእሷም ተከትሎ ይነሳል። ማሽኑን ጠግኜ ተነሳሁ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ "ትንሽ ይቆይ" አለች፤ የሠራሁትን ማሽን ማንም አልፈለገውም።

ከበደዎት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ምኑ?" አለኝ።

ጫማ የምናወልቀው ለንጽሕና ነው ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ለሌላም ነገር እንደሆነ ገባኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ካቻቪቴዬን ይዤ አለቀስኩ።

ልጄ በተወለደች ቀን እኔ ሐኪሙን፣

ይቅር። ወረቀቱ ለነጋዴው ተሰጠ ወይ? ካልተሰጠ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ይንገሩኝ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 20

ለልጄ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ የጎደለውን ፈጣሪ ይሙላልህ። በመጀመሪያ፣ "ልጄ በተወለደች ቀን" ብለህ ጽፈሃል። "ልጄ" የሚለውን ቃል በእጅ ጽሑፍህ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ማጉያ መነጽሩን ሁለቴ ወልውዬ አየሁት።

ጫማው የደረሰው ሰባት ዓመት በሞላት ሳምንት ነው። አጥልቃው ወጣች። ለነጋዴው ሚስት አሳየች፣ ለአስተማሪዋ አሳየች፣ ለጎረቤት ውሻ ሳይቀር አሳየች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት አጥልቃው ማታ ነው የምታወልቀው። አረማመዷ ትንሽ ተለወጠብኝና ምን ሆነሻል ብላት፣ አዲስ ጫማ የሚኬድበት እንደዚህ ነው ብላ አስተማረችኝ። የእኔን ዓይን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ትናንት እግሯን ልትታጠብ ስትቀመጥ ውሃው ቀላ። ተረከዟ ተልጧል። የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል። ሜትሬን አምጥቼ ለካሁ፤ አሥራ ስምንት ሳንቲም ከአንድ ሚሊ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"አባቴማ ልኬን ያውቃል" አለችኝ። "እግሬ ነው የተሳሳተው።"

እግሯን በሁለት እጄ ይዤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ።

አርባ ሁለት ዓመት የደረቀ እንጨት ስለካ ኖሬ፣ የለካሁት ነገር ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ አመንኩ። ጣውላ ዛሬ ለክተህ ከዓመት በኋላ ብትመለስ እዚያው ነው። እሷ ግን ደብዳቤው ፖስታ ቤት ሲተኛ ታድጋለች፣ አንተ ቀለም ስትመርጥ ታድጋለች፣ ጫማው መንገድ ላይ ሲንገላታ ታድጋለች። ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳያያት፣ ያ ጥፍሩን ያልረሳው ያልከው እዚህም ሥራውን አላቆመም ነበር። እኔ ያን እጅ ረስቼ ነው ቁጥር የጻፍኩልህ። አንተም ባለሱቁ ነግሮህ አልሰማህም። እኔ በልኬ ኮራሁ፣ አንተ በእኔ ኮራህ፣ የልጅቱ እግር ደማ።

አሁን ጀምረህ ያቋረጥከውን እኔ ልጨርስልህ። ያን ቀን በሩ ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ ወጥቶ ሁለቱም አስጊ ናቸው ሲልህ፣ "ልጁ ይቅርብኝ፣ ሚስቴን አትርፉልኝ" አልከው። ሰምቻለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ሰባት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ነቅዟል መሰለኝ።

ልጅህን ሰጥተህ የጠየቅካት ሚስትህ የቀረችብህ ይመስልሃል፤ ስለዚህ ፊቷን ማየት ፈራህ። ስማኝ ልጄ። የሰጠኸውን ማንም አልተቀበለህም። ሐኪሙ ቃልህን ሰምቶ ያደረገው አንድም ነገር የለም፤ ሁለቱንም ሊያተርፍ ታግሎ አንዷን አተረፈ። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር፤ የፈራ አፍ ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሰባት ዓመታት ግን የፍርሃት ብቻ አይደሉም። ኃጢአትህ ያ ቃል ሳይሆን ቃሉን ምክንያት አድርገህ መቅረትህ ነው። ልጅ የራሳችን ብትሆን መስጠትም መንሳትም በቻልን ነበር። የእኛ አይደለችም። ያስያዘን ሌላ ነው፤ የእኛ ድርሻ ያን የጽዳት ሠራተኛ እንዳየኸው ሳይንቀሳቀሱ ይዞ መቆየት ነው። ከበደዎት ወይ ስትለው ምኑ ያለህ ሰው ከእኛ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ሁሉ ይበልጣል፣ እኔን ጨምሮ።

ወረቀቱ አሁንም ከመላጊያው ሥር ነው። ለነጋዴውና ለሚስቱ አባቷን አንድ ጊዜ ልጠይቅ ብያቸዋለሁ። ሚስቱ የልጅቱን እግር አይታ አልቅሳለች፤ ቅባት የምትቀባላት እሷ ናት። እስከ መስከረም አምስት እንጠብቃለን ብለዋል። የእነሱም ልብ ልብ ነው፣ ከዚያ በላይ አላንገላታቸውም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እኔም በቀረችኝ አንድ ዓይን ይህን እጽፍልሃለሁ። ልትሰጣት ከሆነ መጥተህ፣ ፊቷ ቆመህ፣ በአፍህ ስጣት። በፖስታ አይሆንም። ካልመጣህ በተባለው ቀን ወረቀቱን እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላም የእግሯን ልክ አትጠይቀኝ።

አጎትህ


ነሐሴ 3

ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ እግዚአብሔር በምሕረቱ ያኑርልኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየመለስኩ ነው። በፈጣኑ ፖስታ እልከዋለሁ።

ሰምተውኝ ነበር ማለት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ይዘው፣ ስለ መጋዝና ስለ ክዳን ስጠይቅዎ እየመለሱ፣ "ልጄ" እያሉ ጻፉልኝ። ማሽን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ የድሮ ደብዳቤዎችዎን በሙሉ እንደ አዲስ አነበብኳቸው። ምሕረት እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ እንዳለው አላውቅም ነበር።

"እግሬ ነው የተሳሳተው" ያለችውን መድገም አልችልም።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ጳጉሜን ሁለት እደርሳለሁ። እዚያ ምን እንደምሠራ ገና አላውቅም፤ ማሽን የማይበላሽበት ሆስፒታል ግን የትም የለም። ለነጋዴውና ለሚስቱ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። የሰጠኋቸውን ተስፋ መልሼ የምነሳቸው እኔ ስለሆንኩ ቁጣቸውን የምሰማው እኔ ልሁን። የልጅቱን እግር ለቀቡ እጆችም የማመሰግንበት ቃል እየፈለግኩ ነው። ወረቀቱን አይቅደዱት። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የምቀድደውም እኔ ነኝ፤ እሷ እያየች።

የጽዳት ሠራተኛው ልጅ ባለፈው ሳምንት ወጣች። ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ ግራም። አባቷ ከነሥራ ልብሱ አቅፏት በመተላለፊያው ሲያልፍ ሁላችንም፣ ሐኪሞቹም ጭምር፣ ግድግዳውን ተጠግተን መንገድ ለቀቅንለት። ማንም ያዘዘን የለም።

ጫማ አልይዝም። እዚያው ሱቅ ይዣት እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ እፈራለሁ። አንድ ኪሎ የማይሞላ ሰው ያለበትን ሣጥን ሳልፈራ እይዛለሁ፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ፊት መቆም ግን አስፈርቶኛል። ምን ትለኝ ይሆን? በሩ ላይ ይቁሙልኝ፤ እንደዚያን ቀን።

ልጅዎ


ነሐሴ 27

ለልጄ፣

በሰላም ያግባህ፤ ያወጣህ እጅ ይመልስህ። ይህ ደብዳቤ ፖስታ ቤት አይሄድም፤ ቢሄድ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ። ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ታገኘዋለህ። ያልተመለሰ ደብዳቤ ግን አልወድም፣ እሷም ጻፍለት ብላ አላስቀምጥ ብላኛለች።

እግሯ ድኗል። የወደቀው ጥፍር ሥር ሌላ ጥፍር መጥቷል፤ ቀጭን፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ። በቀኝ ዓይኔ አይቼዋለሁ። የአንተን ሣጥን ሰዎች አስታወሰኝና ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ እሷም ሳቀችብኝ።

አንተ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብለህ ነበር፤ ነጋዴው ግን መጥቶ ሲጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም፤ ወሬውን ከእኔ ሰምቶ አንድ ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። ትናንት ሚስቱ መጣች። አባቷ ሲመጣ እዚህ ያለውን ቅባት እንዲቀጥልላት ይንገሩት አለችና ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ይህን አትርሳ፤ በሕይወትህ ሁሉ ቤታቸው ስትገባ ዝቅ ብለህ ግባ።

ሰጋቱራ ለአስተማሪዋ "የእኔ ሊመጣ ነው" ብላታለች። አስተማሪዋ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም፣ ፊቷን ግን አየሁት። በዚያው ቀን ዋናውን ሽማግሌ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለውን፣ ከዝቅተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ጉልበቱ ጆሮው ደርሷል። ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ከዚህ ነው ጥሩ የሚሰማው አለኝ። ጆሮው መድከሙን ነው ወይስ ሌላ፣ አልጠየቅኩትም።

ምን ትለኝ ይሆን ብለሃል። እኔም አላውቅም። በሩ ላይ ግን እቆማለሁ።

ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት የእሷ ነው። መሬት ላይ ዘርግታ በባዶ እግሯ ቆመችበትና ከጆሮዬ ላይ የምሰካውን እርሳስ ጠየቀችኝ። ተንበርክኬ ዙሪያውን አሰመርኩላት። ቁጥሩን ልጽፍበት ሜትሬን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

"ቁጥር አትጻፍ" አለችኝ።

ታዲያ ምን ልበለው አልኳት።

"የዛሬው ነው በለው።"